ቀተለን ላረባ ፓርሌ አያቅተውም

የፈረንሳይኛን መደበኛ ግስ ማርባት እንዴት ቀላል መሰላችሁ! አንድ ግስ ትይዛላችሁ። ፓርሌ እንበል፤ መናገር ማለት ነው። ጫፉን ቆርጣችሁ «ፓርል» የምትለዋን ግንድ ታስቀራላችሁ። ከዚያ ስድስት ጭራ በየተራ ትቀጥሉባታላችሁ፦ ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎን፣ ቩ ፓርሌ፣ ኢል ፓርል። አለቀ። ለጆሮ ከስድስቱ አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከፈረንሳይኛ ግሶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በዚሁ ምድብ ውስጥ ስለሆኑ፣ ይህችን አንድ ሰንጠረዥ የያዘ ሰው በሺህ ለሚቆጠሩ ግሶች ቁልፍ አገኘ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ለመማር ገንዘብ እንከፍላለን። ከሥራ መልስ ደብተራችንን ይዘን እንሮጣለን፤ «ፈረንሳይኛ ጀመርኩ» ስንልም ድምፃችን ትንሽ ከፍ ይላል። ምንም ነውር የለበትም። ቋንቋ መማር ያኮራል። ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ዓባይን ተሻግራችሁ ከደጀን በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ ያዙ። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በየደብሩ ዙሪያ በተቀለሱ ጎጆዎች ውስጥ፣ የፓርሌን ሰንጠረዥ ቢያሳዩአቸው «ይኸው ነው እንዴ?» የሚሉ ልጆች ኖረዋል፤ ይኖራሉም። ደበሎ የለበሱ፣ አኮፋዳ ያነገቱ፣ ውሻ የሚያባርራቸው የቅኔ ተማሪዎች። እኛ ከተሜዎቹ ስናያቸው ሳንቲም እንሰጣቸዋለን፣ ወይ ፎቶ እናነሳቸዋለን። «ሰዋስው አስተምሩን» ብለን ግን አናውቅም።

ዛሬ የምንጣላው ከአንድ የቆየ አባባል ጋር ነው። «የቄስ ትምህርት ሽምደዳ ነው፤ ዘመናዊ ትምህርት ማሰብ ነው» የሚል አባባል። ከአያቶቻችን ጀምሮ ተምሬያለሁ ባይ ሁሉ እየተቀባበለ እዚህ አድርሶታል። ሌላው ሌላው ይቆየንና፣ ቋንቋን በማስተማር ረገድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው ብለን እንከራከራለን።

ግሱ ቤት አለው

የቅኔ ቤት ተማሪ የሚጀምረው ከግስ ነው። ግሶች ደግሞ እንደ ገበያ ሰው ዝም ብለው የተሰበሰቡ አይደሉም፤ አለቃና ጭፍራ አላቸው። አለቆቹ አርእስት፣ ተከታዮቹ ሠራዊት ይባላሉ። የአርእስቱ ዝርዝር ከመምህር መምህር ይለያያል፤ በሰፊው ከሚታወቁት ዝርዝሮች አንዱ ስምንት ነው፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ገደለ፣ አመሰገነ፣ ለመነ፣ ባረከ፣ ማረከ፣ መገበ፣ ቻለ፣ ጻፈ እንደማለት ነው። ተማሪው እነዚህን አንድ ባንድ በቃሉ ያረባል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ግስ ሲያጋጥመው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ የማን ቤት ነው? የቀተለ ቤት ከሆነ እንደ ቀተለ «ይቀትል» ብሎ ይሄዳል፤ የቀደሰ ቤት ከሆነ እንደ ቀደሰ «ይቄድስ» ብሎ ይሄዳል። የፈረንሳይኛ መምህር «ፓርሌን ያዙ፣ ሌሎቹን በእሱ አስኪዱ» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው።

ልዩነቱ ስፋቱ ላይ ነው። ፈረንሳይኛ ስድስት አካል አለው፤ ግእዝ አሥር መራሕያን አሉት። ቀተለ፣ ቀተሉ፣ ቀተለት፣ ቀተላ፣ ቀተልከ፣ ቀተልክሙ፣ ቀተልኪ፣ ቀተልክን፣ ቀተልኩ፣ ቀተልነ። አንዱም ከሌላው ጋር አይምታታም። ይህ ለኀላፊው ብቻ ነው፤ ትንቢቱ፣ ዘንዱና ትእዛዙ ይከተላሉ። ከዚያ ደግሞ አምስቱ አዕማድ አሉ፦ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። በግርድፉ አሥሩን በአራት፣ አራቱን በአምስት አባዙትና ከአንድ ግስ ሁለት መቶ ቅርጽ ይወጣል። ይህን ሁሉ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያለ ወረቀት በአፉ ይወጣዋል።

ስሙም ይገርማል። ፈረንሳዮች ግስን «ኮንጁጌ» ያደርጋሉ፤ ሥሩ ላቲን ነው፣ በአንድ ቀንበር ማጣመር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ግስን እናረባለን፤ ከብት እንደሚረባው፣ ከአንድ ብዙ እንደሚወለደው። አንዱ ይጠምዳል፣ ሌላው ያረባል። የብቸና ገበሬ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

«ግእዝ የሞተ ቋንቋ ነው፤ ምን ይሠራልናል?» የሚለንን ወዳጃችንን አንድ ነገር እንጠይቀው። «ይሰብራል» በል እስኪ። አሁን ደግሞ «ይፈልጋል» በል። በመጀመሪያው መካከለኛዋ ፊደል «ብ» ላልታ ትነበባለች፤ በሁለተኛው «ል» ጠብቃ ትነበባለች። ለምን? «ሰበረ» የአንድ ቤት፣ «ፈለገ» የሌላ ቤት ግስ ስለሆነ ነው። የቀተለና የቀደሰ ልዩነት እዚሁ አማርኛችን ውስጥ፣ በየቀኑ በምንናገረው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ዓመት አማርኛ ተምረን ይህን የነገረን ሰው ስንት ነው? የፈረንሳይኛ ግስ ምድብ ለመቁጠር ገንዘብ የምንከፍል ሰዎች የገዛ አፋችንን ምድብ አናውቅም።

ማርባት ለመቀኘት ነው

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሽምደዳ አይደለም ወይ?» ብሎ ቢያቆመን እውነት አለው። አዎ፣ ሽምደዳ ነው። ግስ ያለ ሽምደዳ አይያዝም፤ የፓሪስ ሕፃናትም ሸምድደው ነው የያዙት። ጥያቄው ከሽምደዳው በኋላ ምን ይመጣል የሚለው ነው።

በቅኔ ቤት ከግስ በኋላ የሚመጣው ፈጠራ ነው። ተማሪው ግስ ከቆጠረ፣ እርባታና አገባብ ከቀመሰ በኋላ «አሁን የራስህን አምጣ» ይባላል። በሁለት ቤት ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ይባላል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀን ሜዳ ወርዶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ተመልሶ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ በጓደኞቹ መካከል ያርሙታል። ዋናው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ የሌላ ሰው ቅኔ አምጥቶ «የእኔ ነው» ማለት አይቻልም። የትናንቱም ለዛሬ አይሆንም። በየጊዜው አዲስ ሐሳብ፣ አዲስ ሰምና ወርቅ። በሌላ አነጋገር፣ እነዚያ «ሸምዳጆች» ያልናቸው ልጆች ሌላ ማንም ያላለውን ነገር በማንም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ እንዲሉ በየቀኑ ይገደዳሉ።

አሁን ወደ ዘመናዊው ክፍል እንግባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስገባው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ግሱን እንዴት ይማራል? «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» የሚል ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኸዋል። እስከዚህ ከቄስ ትምህርት ቤት ምንም አልተለየም። ከዚያስ? «ባዶ ቦታውን ሙሉ።» ከዚያስ? «ትክክለኛውን መልስ ምረጡ።» ከሀ፣ ከለ፣ ከሐ፣ ከመ አንዱን ማክበብ። በቃ። ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ምን ያድርግ? በእሱ አንፈርድም። ግን ውጤቱ ይኸው ነው፦ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ግስ ያከበበ፣ አንድ ቀን ግን በዚያ ግስ የራሱን ሁለት ዐረፍተ ነገር ሠርቶ ሰው ፊት ያላነበበ ተማሪ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቤተ ክህነቱ ሽምደዳውን ወረሰ፤ ቅኔውን ጣለ። ክሳችን ይህ ነው።

የዋጋውን ደረሰኝ አይተነዋል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ። ሁሉንም በቋንቋ ላይ አንጥልም፤ ድህነቱ አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ የመምህር ደመወዝ አለ። ነገር ግን ጥያቄውን ሳያነብ የወደቀ ተማሪ ስንት እንደሆነ የፈተና አዳራሽ ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። በማይናገረው ቋንቋ የተጠየቀ ልጅ ፊዚክስ አያውቅም ለማለት በመጀመሪያ ጥያቄው ሊገባው ይገባል።

ሰባራው ድልድይ

ፈረንሳይኛ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። በዓመቱ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም እንዲሁ። የባቡሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሃር» ስንል «ላ ጋር» ማለታችን ነው፤ ባቡር ጣቢያው ከነመስተአምሩ አማርኛ ሆኖ ቀረ። ቢሮም፣ ሹፌርም፣ ጋራዥም ከዚያው መጡ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን እስኪወስደው ድረስ የተማረ ሰው መለያው የፓርሌ ሰንጠረዥ ነበር።

ታዲያ ያ ትውልድ ከማን ቤት ወጣ? ሀዲስ ዓለማየሁን ውሰዱ። ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ደራሲ ፊደልና ቅኔ የቆጠሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና ከብቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ነው። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤም የደብረ ኤልያስ የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ተውኔት የጻፉት በዚያው ጉልበት ነው። እነዚህ ሰዎች የውጭ ቋንቋ ሲማሩ ከባዶ አልጀመሩም። አካል ምን እንደሆነ፣ አድራጊና ተደራጊ እንዴት እንደሚለይ፣ አንዱን ግስ በሌላው እንዴት እንደሚያስኬዱ የሚያውቅ ጭንቅላት ይዘው ነው የመጡት።

ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል በሚያሻግረው መንገድ፣ ዓባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰበረ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በቅኔ ቤቱና በዘመናዊው ትምህርት ቤት መካከል ያለው ነገር ይህን ይመስለናል። ድሮ የሚሻገሩበት ነበር። ተሰበረ። አሁን የሚሻገረው በግሉ ገመድ ያገኘ ብቻ ነው።

መግደልን ማርባት

አንድ ወዳጃችን «ግን እኮ አርእስታችሁ ግድያ ነው» አለን። እውነቱን ነው። ፈረንሳዮች ለማሳያ ከሚያዘወትሯቸው ግሶች አንዱ «ኤሜ» ነው፤ መውደድ። የላቲን ተማሪም በ«አሞ» ይጀምራል፤ እወዳለሁ። ዐረብኛ በ«ፈዐለ» ነው፤ አደረገ። እኛ በ«ገደለ» ጀመርን። የሰዋስው ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ቀ፣ ተ እና ለ የጉሮሮ ፊደል የሌለባቸው፣ ወም የም ያልገባባቸው ጠንካራ ፊደሎች ስለሆኑ እርባታው አይሰበርም። የአውሮፓ የሴም ቋንቋ ሊቃውንትም ለማሳያ ይህንኑ ይጠቀማሉ።

ይሁን። ግን ዛሬ ጎጃም ላይ ሆኖ አምስቱን አዕማድ የሚቆጥር ልጅ ምን ይሰማው ይሆን? ቀተለ፣ ገደለ። አቅተለ፣ አስገደለ። ተቀትለ፣ ተገደለ። ተቃተለ፣ ተጋደለ። አስተቃተለ፣ አጋደለ። ያለፉትን ዓመታት ዜና ከዚህ በተሻለ ያጠቃለለ ጋዜጠኛ አላየንም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከክፍል ውጭ ሆኑ። የፖለቲካ ሰዎቻችን ደግሞ ይህን ግስ የሚያረቡት በሦስተኛ አካል ብቻ ነው፦ ገደለ፣ ገደሉ። «ቀተልኩ» የሚል የለም፤ «ቀተልነ» የሚል የለም። የቅኔ ቤት ልጅ ግን አሥሩንም ሳይዘል ማለት አለበት። አንድ አካል ቢዘል የኔታ ያስደግሙታል።

ስለዚህ የምናነሳው ጥያቄ የሰላም ጊዜ ቅንጦት አይደለም። የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት ምን ይዞ ነው የሚከፈተው? ዓመታት ለባከኑበት ልጅ ያንኑ የማክበብ ትምህርት ልንመልስለት ነው?

ለአድናቂዎችም አንመለስም

በሌላው ጫፍ «አባቶቻችን ሁሉን ጨርሰውት ነበር» የሚሉ አሉ። በዓል ሲደርስ የቆሎ ተማሪ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ልጃቸውን ግን የውጭ ሥርዓተ ትምህርት ባለበት ትምህርት ቤት ያስገባሉ። ከእነሱም ጋር አንድ አይደለንም። የቅኔ ቤት ርኀብ አለበት፣ ዱላ አለበት፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ ለደጅ መዞር አለበት። ይህን እንደ ቅርስ የምንጠብቀው ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚቆጨን ደግሞ ይህ ነው። ግእዝ ለሴቶች የራሳቸው ብዙ ቁጥር አለው። «ቀተልክን» እናንተ ሴቶች ገደላችሁ፤ «ቀተላ» እነዚያ ሴቶች ገደሉ። ፈረንሳይኛ በመቶ ሴቶች መካከል አንድ ወንድ ሲገኝ ሁሉንም ወንድ ያደርጋል፤ አማርኛችንም የሴቶችን ብዙ ቁጥር አጥቶታል። ግእዝ ግን ይዞታል። በየጎጆው ስንት ዘመን «አንትን፣ አንትን» ሲባል ኖረ፤ አንትን የሚባሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አልነበሩም፤ ውኃ እየቀዱ ነበር። «ሴት ቅኔ አይሆንላትም» የሚል ካለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስታውስ። ዓይነ ሥውር ሆነው፣ እዚያው ጎጃም፣ ቅኔ ያስተማሩ መምህርት ነበሩ። ወንበሩ ለአንዲት ሴት ከበቃ ለሌሎችም ይበቃል።

ዘዴው የአንድ ሃይማኖት ንብረትም አይደለም። ደረሳውም ከሼኩ ዘንድ ሰርፍ ሲማር አንድ ግስ ይዞ በቃሉ ያረባል፤ ቀተለና ፈዐለ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። የሞጣ ልጅ፣ የየትኛውም ቤት ልጅ ቢሆን፣ ይህን ዘዴ በሠፈሩ ያገኘዋል።

የምንለው እንግዲህ አጭር ነው። አንደኛ፣ ልጆች የውጭ ግስ ከመማራቸው በፊት የራሳቸውን ግስ ቤት ለቤት ይወቁ፤ ሰበረን ከፈለገ ይለዩ። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛውም ፈረንሳይኛውም በአርእስት ይማሩ፤ አንዱን አጥብቆ ይዞ ሌላውን በእሱ ማስኬድ። ሦስተኛ፣ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የራሱን ሁለት መስመር ሠርቶ ይምጣ፤ ቆሞ ያንብብ፣ ጓደኞቹ ፊት ይታረም። የጓደኛውን መገልበጥ ክልክል ይሁን። አራተኛ፣ የመምህራን ኮሌጆች የቅኔ መምህራንን ለበዓል ምርቃት ሳይሆን ለሥራ ይጥሯቸው፤ ደመወዝ ከፍለው «ይህን ነገር እንዴት ነው የምታስተምሩት?» ብለው ይጠይቋቸው። ለዚህ ሁሉ የውጭ ብድር አያስፈልግም።

ከስምንቱ አርእስት የመጨረሻው ጦመረ ነው፤ ጻፈ ማለት ነው። ጦማርም ጦማሪም የምንለው ከእሱ ነው። ገደለ ብሎ የጀመረው ዝርዝር ጻፈ ላይ ሲደርስ ያበቃል። የብቸናና የሞጣ ልጆች ከመጀመሪያው ግስ እስከ መጨረሻው የሚደርሱበት ትምህርት ቤት ይገባቸዋል፤ ወንዶቹም ሴቶቹም። ንሕነ ጦመርነ። አንትሙኒ፣ አንትንኒ ጦምሩ እንዳንል እንኳ፣ ለሴቶቹ ትእዛዙ ሌላ ነው፦ ጦምራ።